በእርሳስ የተወሰደ ልክ

መምህሩ «መጀመሪያ የሰውየውን ልክ ውሰዱ» ሲል፣ በክፍሉ ካሉት ሃያ ሁለት ተማሪዎች ሃያ አንዱ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ እርሳሳቸውን በፊታቸው አቁመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሃያ ሁለተኛዋ ከወንበሯ ተነሳች። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደችና በመሳያ ሰሌዳዎቹ መካከል እየተሹለከለከች፣ ክፍሉ መሃል ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ዘንድ ደረሰች። «እስቲ አንዴ ይነሱልኝ አባቴ፤ እጅዎንም ትንሽ ከፍ» አለቻቸው።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ለመሳል ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ሥርዓቱ እንዲህ መስሏቸው ተነሱ። ልብስ ሰፊ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሆዳቸውን ሳብ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው እጃቸውን አነሱላት። እሷም ትከሻ አርባ ስድስት፣ ደረት ዘጠና ስምንት፣ ወገብ መቶ ሁለት እያለች ወረቀቷ ጥግ ላይ መዘገበች። «ሆድዎን ይልቀቁት እንጂ፣ ኋላ ቁልፉ እምቢ ይላል» ማለትም አልቀረም። ዞር ስትል ሃያ አንዱም እርሳስ አየር ላይ እንደቆመ ቀርቷል። መምህሩ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ መስኮት መስኮቱን ያያል። ዘበኛው «ኮቱን ብቻ ነው ወይስ ሱሪውንም?» ብለው ሲጠይቁ ግን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ እትዬ ሜትር ሆኖ ቀረ።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። በእርሳስ ልክ እንዴት እንደሚወሰድ መምህሩ ያሳየው ከአንድ ቀን በፊት ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ቀን የመጨረሻዋን የሙሽራ ቀሚስ ልታስረክብ ቀርታ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ለኖረች ሴት «ልክ» ማለት ሜትር ማለት ነው። ሌላ ልክ መኖሩን ማን ነግሯት?

አንድ ሌላ ልክ እንኳ ታውቃለች፤ እሱም ከታላቅ እህቷ አፍ የማይጠፋው ነው። ሁለቱ እህትማማቾች በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ስፌት መኪና ፊት ለፊት አስቀምጠው አብረው ይሠራሉ። እትዬ ሜትር አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ታላቅየዋ በስድስት ዓመት ትበልጣታለች፤ በምላስ ደግሞ በስድሳ። ታናሽየዋ ሥራ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ የመቅደጃ ወረቀት ጠርዝ ላይ የደንበኞችን አፍንጫና ጆሮ መሞነጫጨር ልማዷ ነበር። አንድ ቀን ለሥዕል ትምህርት ቤቱ የሰፋችውን ሃያ ሽርጥ ልታስረክብ ሄደች። በተከፈተ በር ስታይ፣ አዋቂ አዋቂ ሰዎች ተሰብስበው ጠዋቱን ሙሉ አንድ ማንቆርቆሪያ ይስላሉ። ማንም «ሥራ የላችሁም ወይ» አይላቸውም። ቅናት ውስጧን በላው። የመግቢያ ደንቡን ጠይቃ ስታነብ ስለ ዕድሜ የተጻፈ ነገር የለም፤ ደንቡን የጻፈው ሰው እሷን የመሰለች ትመጣለች ብሎ አላሰበማ።

«ሰው ልኩን ይወቅ» አለቻት ታላቅ እህቷ ስትሰማ። ሦስት ቀን አኮረፈች፣ በአራተኛው ቀን ቁርጡን ተናገረች። «አንድ ዓመት። የሁለታችንንም ሥራ እኔ እይዘዋለሁ። ከመለሱሽ ግን ማሽንሽ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ስለ ሥዕል የሚባል ነገር እዚህ ቤት ሁለተኛ አልሰማም።»

የመጀመሪያው ዓመት የመሠረት ዓመት ይባላል። ዓመቱ ሲያልቅ መምህራኑ የእያንዳንዱን ሥራ ደርድረው ያያሉ፤ ያለፈ ወደ ሁለተኛ ዓመት፣ የወደቀ ወደ ቤቱ። በተለይ በንድፍ የወደቀን ሌላው ሁሉ አያድነውም።

መሠረት የሚለው ስም ይክበድ እንጂ፣ የሚማሩትን ያየ ሰው እንደ ጨዋታ ሊቆጥረው ይችላል። አንድ ሳምንት ሙሉ መስመር ብቻ ያሰምራሉ፤ ወፍራም፣ ቀጭን፣ የሚጣደፍ፣ የሚያንቀላፋ። ወረቀቱን ሳያዩ የገዛ እጃቸውን ይስላሉ። ይሄ ለእትዬ ሜትር ቀላል ነበር፤ ከደንበኛ ጋር እያወራች፣ ዓይኗን ሳትጥልበት ዘምዝማ የኖረች ናት። ወንበሩን ትታችሁ በወንበሩ እግሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሳሉ ሲባል ልጆቹ ግራ ተጋቡ። እሷ ግን ከቅድ የተረፈ ቁራጭ የራሱ መልክ እንዳለው ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ባዶውን በአሥር ደቂቃ ቁጭ አደረገችው። ቀለም ላይማ አትቻልም። መምህሩ የቀባውን ግራጫ አይታ «አረንጓዴ ገብቶበታል፣ ትንሽ ነው ግን ገብቶበታል» ስትል፣ ቀለም የበጠበጠበትን ሳህን ቀረብ አድርጎ አየና እውነት ሆኖ አገኘው። ለአንድ ኮት የሚስማማ ክር ፍለጋ ስንት ሱቅ የዞረ ዓይን ነው።

አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእርሳስ ልክ መውሰድን ያስተማረቻት እሷ ናት። «ክንድሽን ቀጥ አድርጊ እትዬ፣ አንድ ዓይን ብቻ፣ የእርሳሱ ጫፍ ጭንቅላቱ ላይ፣ አውራ ጣትሽ አገጩ ላይ። አሁን ሰውነቱ ስንት ጭንቅላት እንደሚሆን ቁጠሪ።» እትዬ ሜትርም በምላሹ የልጅቷን ቁልፍ ስትተክል፣ ኪሷን ስትሰፋ ዓመቱ አጋመሰ።

ችግሩ የመጣው ሰው ሲሳል ነው። የእትዬ ሜትር ሰዎች ያምራሉ፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ቀጥ ያሉ፣ ግራና ቀኛቸው የተካከለ። መምህሩ አንድ ቀን ከዘበኛው ምስል ፊት ቆመ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እሱ ለዕድሜዋ፣ እሷ ለመምህርነቱ እየተከባበሩ አንቱ ይባባላሉ።

«ትከሻቸው እንዲህ እኩል ነው?» አላት።

«አይደለም። ግራው በአንድ ጣት ይወርዳል።»

«አይተውታል ማለት ነው።»

«ልብስ ሰፊ እንዴት አያይም?»

«ታዲያ ለምን እኩል ሆነ?»

«አስተካከልኩላቸዋ» አለች፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

መምህሩ ወደ ምስሉ ጠጋ አለ። ነገሩ ያኔ ነው የገባው፣ ለእሷም እኮ ያኔ ነው የገባት። የእሷ ሙያ የሰው ገመና መሸፈን ነው። የጎበጠውን ቀጥ ማድረግ፣ የወረደ ትከሻ ሥር ስፖንጅ መክተት፣ የገፋ ሆድ ላይ ሰፋ ማለት። ጉድለቱን ከማንም ቀድማ ታያለች፤ ከማንም ቀድማ ደግሞ ትደብቀዋለች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ እጇ ከሰል ሲይዝም መደበቁን አልተወም።

መምህሩ ቁርጧን ነገራት። «ቀለምዎ ድንቅ ነው፣ የጭቃ ሥራዎም እንደዚያው። በንድፍ ግን እንዲህ ከሄዱ አያልፉም። የመጨረሻው ሥራ የሚያውቁትን ሰው በሥራ ላይ እንዳለ በከሰል መሳል ነው። ያዩትን ብቻ ይሳሉልኝ።»

የምታውቀው ሰው በሥራ ላይ! ከእህቷ ሌላ ማንን ትስላለች?

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር አለ። እህትማማቾቹ አንዳቸው የሌላቸውን ልብስ ይሰፋሉ፤ የራሱን ጀርባ መለካት የሚችል ሰው የለምና። የታላቅየዋ ግራ ትከሻ፣ ማሽን ላይ ሲያጎነብሱ መኖር ነው መሰለኝ፣ ከቀኙ ሁለት ጣት ሙሉ ይወርዳል። ታናሽየዋ ይሄን ካየች ሃያ ዓመቷ ነው። አንድም ቀን አልተናገረችም። በእያንዳንዱ ቀሚስ ቀኝ ትከሻ ላይ አንድ፣ ግራው ላይ ሦስት ስፖንጅ ደራርባ በገበር ትሸፍነዋለች። እህቷ መስተዋት ፊት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ እሷም ደስ ይላታል። ልብስ ሰፊ የገዛ ቀሚሷን ገልብጣ አታይም ብላ ማሰቧ ግን፣ እንግዲህ ምን ይባላል፣ ፍቅር ሞኝ ያደርጋል።

ሱቅ ውስጥ ወረቀቷን ወጥራ መሳል ጀመረች። ክንዷን ዘርግታ አንድ ዓይኗን ስትጨፍን ታላቅየዋ ከማሽኗ ቀና ሳትል «ምንድነው የምታነጣጥሪብኝ? ወፍ ነኝ?» ትላታለች።

የመጀመሪያው ሥዕል አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ አለቀ። ያማረ ነው፤ ትከሻው ግን እንደ መደርደሪያ ቀጥ ብሏል። አይታው አፈረች። ሌላ ወረቀት ወጠረች። በዚህኛው ከሰሉ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲሄድ የወረደውን ሁለት ጣት እንደወረደ አኖረችው። የእህቷ አንገት ወደ ቀኝ ማዘንበሉን፣ ክርኗ ከጠረጴዛው ጋር አንድ መሆኑን፣ ጨርቁ ላይ የተዘረጉትን ጣቶች ሁሉ እንዳሉ አኖረች። ስትጨርስ እንባዋ መጣ። እህቷን ሠላሳ አንድ ዓመት ለክታታለች፤ እንዲህ ግን አይታት አታውቅም።

ሥራው የሚሰቀለው ለሰው ሁሉ በተከፈተ አዳራሽ ነው። ሃያ ዓመት የሸፈነችውን ትከሻ እንዴት አድርጋ ትስቀለው? ብታልፍም ባታልፍም የተስተካከለውን ልትሰጥ ወሰነች። ማሽኗስ ቢሆን ምን አላት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብልታታለች።

በማስረከቢያው ቀን ጠዋት ሱቁ ስትደርስ ሁለቱም ሥዕሎች መቅደጃ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። አንዱ ጥግ ላይ መቀስ፣ ሌላው ላይ ካውያ ተጭኗል። ታላቅ እህቷ መነጽሯን አድርጋ ቆማለች።

«የቷን ነው የምታስረክቢው?»

«ይቺን» አለች ታናሽየዋ ወደ ቀጥታዋ እያመለከተች።

«ማን ናት ይቺ?»

«አንቺ ነሻ፣ እታለም።»

«እኔ አይደለሁም። ይቺ መስቀያ ላይ የዋለች ቀሚስ ናት» አለችና ወደ ሁለተኛው ዞረች። «ይቺስ?»

ታላቅየዋ እጇን ግራ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ስፖንጅ በታጠበ ቁጥር ይኮማተራል። ማን እየተረተረ የሚቀይረው ይመስልሻል? ባለፈው ዓመት አንዱን ቀሚስ ረስተሽ በሁለት ብቻ ሰፍተሽው፣ ሦስተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ አንቺ። የገዛ ትከሻዬን ላጣው? እንዳታዝኚ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። አንቺም እንዳላዝን ብለሽ ዝም አልሽ። ሃያ ዓመት ስፖንጅ ተሸክመን ኖርን።» ከዚያ አጎንብሳ የተሳለውን ትከሻዋን፣ ከሰሉን ሳትነካ፣ በጣቷ ከላይ ከላይ ተከተለችው። «ይቺ ልኬ ናት» አለች። «ይቺን ውሰጂ፤ እንዳይረፍድብሽ።»

መምህሩ ሥዕሉን አየ። ከሥዕሉ ሦስት እርምጃ ራቀ፣ ክንዱን ዘርግቶ እርሳሱን አቆመ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከትከሻ ትከሻ ለካ። ከዚያ እርሳሱን ኪሱ ከተተና «እንግዲህ ሁለተኛ ዓመት እንገናኛለን» አላት። የስም ዝርዝሩ በሩ ላይ ሲለጠፍ እሷ ካለፉት ውስጥ ከታች ሁለተኛ ናት። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ በደስታ ስታቅፋት የእትዬ ሜትር ቀሚስ በሙሉ ከሰል ሆነ።

አዳራሹ የተከፈተ ቀን ዘበኛው በር ላይ ነበሩ። «ኮቴስ?» ሲሏት «ልክዎ እኔ ዘንድ ነው፣ አይጠፋም» አለቻቸው። ታላቅ እህቷ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ዘግየት ብላ መጣች። ሰዉን በክርኗ እየከፈለች አለፈችና ከሥዕሏ አጠገብ ቆመች። ሰዎች ሥዕሉን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ እንደገና ሥዕሉን። ግራ ትከሻዋ ሁለት ጣት ወርዷል።

«ተረተርኩት» አለች፣ ቦርሳዋን ከፍታ የግራና የቀኙን አራት የተጨፈለቁ ስፖንጆች እህቷ መዳፍ ላይ እያስቀመጠች። «መርፌ መሰኪያ ይሁንሽ።»

ቀሚሱ ስፖንጁ ወጥቶለት ግራው ላይ ትንሽ ተሸብሽቧል። የእትዬ ሜትር እጅ ሊያቃናው ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር። መለሰችውና ስፖንጆቹን ኪሷ ከተተች፤ ከዚያ ከእህቷ ጎን ቆማ አብራት ሥዕሉን አየች።