በሚካኤል ማን ይሠራል

በቀን ስምንት ሰዓት ሥራ የሚሉትን ነገር በሬዲዮ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እስቲ ፍኖተ ሰላም መጥተው አንዷን አስተናጋጅ ይጠይቁ! እኔ በምሠራበት ሆቴል መግቢያ እንጂ መውጫ ሰዓት የለም። ሾፌሮች ቁርስ ስለሚፈልጉ ጎህ ሳይቀድ እገባለሁ፤ የምወጣው የመጨረሻው ጠጪ ደስ ሲለው ነው። ልጄን ተኝታ ትቻት እወጣለሁ፣ ተኝታ አገኛታለሁ። ቀን ቀን አከራዬ ያዩልኝ ነበር። እሳቸውም እርጅና ተጫናቸውና "ከእንግዲህስ አልችልም ልጄ" አሉኝ።

ይህን ከጅጋ ወዲያ ገጠር ያሉት እናቴ ሰሙና ደወሉ።

"ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። ወይ ልጅቱን እንዴት እንደምታሳድጊ ትነግሪኛለሽ፣ ወይ ይዣት እሄዳለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።"

"እማየ፣ በዓል ቀን እኮ ሥራ ላይ ነኝ!"

"በሚካኤል ማን ይሠራል! በሬ እንኳ ያርፋል" ብለው ስልኩን ዘጉት።

የገበሬው ዕረፍት የአስተናጋጅ መከራ መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ያውም ኅዳር ሚካኤል! ጾሙ ሊገባ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ሥጋ ሊሰናበት ነው የሚመጣው። ቢሆንም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ባለሆቴሏን ለምኜ፣ ከበዓሉ በኋላ የጧት ፈረቃ ብቻ ሊሰጡኝ ቃል ገቡልኝ፤ ለግማሽ ቀን ከሆነ አከራዬም እሺ ብለውኛል። በበዓሉም ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ እንድወጣ ፈቀዱ። እናቴ የሚሳፈሩበት ሚኒባስ ዘጠኝ ላይ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ መንገዱ ስለማያስተማምን ከዚያ በኋላ መኪና የለም።

የበዓሉ ጧት እናቴ ደርሰው ልጅቱን ከአከራዬ ቤት ተቀበሉ፤ መናኸሪያ ልንገናኝ በስልክ ተቀጣጠርን። ታቦቱ ሲገባ ሕዝቡ ወደ እኛ ጎረፈ። ወንበር ጠፋ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ተቀያሪዬ የለችም። ከቡሬ መኪና አጥታ ቀርታለች። "ትንሽ ጠብቂ" አሉኝ ባለሆቴሏ። ጠበቅሁ። እናቴ እየደወሉ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ከወዲህ "ጥብሱስ?" ይሉኛል፣ ከወዲያ ጠርሙስ ያንኳኳሉ። ስጣደፍ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ላይ ቢራ ደፋሁ። ጠረጴዛው በሙሉ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!" ብሎ ሳቀ። ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም።

"እትየ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው" አልኳቸው ባለሆቴሏን።

"እኔስ ከሌሊት ጀምሮ መቼ ተቀመጥኩ?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እግራቸው አብጦ ከጫማው ወጥቷል። የሚያናድደውም ይኸው ነው፣ የምትሰድቢው ሰው እንኳ ታጫለሽ። "አሁን ትተሽኝ ከወጣሽ የጧት ፈረቃ የሚባለውን እርሺው!"

ብቀር ልጄ ትሄዳለች። ብወጣ ለእናቴ የምነግራቸው መልስ የለኝም። ትሪውን ባንኮው ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ።

ባጃጅ የለም፣ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። እየገፋሁ፣ እየተሰደብኩ መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ ሞተሩ ተነስቷል። እናቴ በሩ አጠገብ ልጄን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"እማየ፣ ደረስኩ! አይውሰዱብኝ!" አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

አልተቆጡም። ላቤን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

"ማታ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ ልጀ?"

በሚካኤል ቀን ምን ብዬ ልዋሽ?

ልጄን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሁሉንም ለይታ ታውቃለች። አየችኝ፣ ሽርጤን አየች፣ ከዚያ ፊቷን አያቷ ደረት ውስጥ ቀበረች። ያገኘቻቸው እኮ ገና ዛሬ ጧት ነው! እንደገና ስነካት ጮኸች።

እናቴ ደነገጡ። ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ "አይዞሽ፣ አትፍሪ፣ እናትሽ እኮ ናት" አሏት፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

ረዳቱ "ትገቢያለሽ ወይስ እንሂድ?" እያለ ይጮህብኛል። እናቴ የኔን አፍ ያያሉ፤ አሁን እንኳ ስጡኝ ብል ይሰጡኝ ነበር።

"ይዘዋት ይሂዱ" አልኩና የሚኒባሱን በር በገዛ እጄ ዘጋሁት።