ሚስተር ፕሊም ቃል ረስተው አያውቁም

ሚስተር ኸርበርት ፕሊም ባለፈው ሐሙስ ራንድል ሰፈር ባለው የአረጋውያን መኖሪያ አረፉ። የደወለችልኝ እዚያ የምትሠራው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሳራ ናት።

«እትዬ ዘነበች፣ ሰውዬው እኮ እኔ ሺፍት ላይ እያለሁ አረፉ። ፕሊስ አንድ ነገር ይጻፉላቸው፤ ቲያትር ቤት አልባሻቸው ነበሩ አይደል?»

«ምን ብዬ?»

«በቃ ጥሩ ጥሩውን። ሙት አይወቀስም፣ እትዬ።»

እሺ፣ አልወቅስም። የማውቀውን ብቻ ልናገር።

እንግሊዛዊው ሚስተር ፕሊም አርባ ዓመት በመድረክና በፊልም አሳላፊ፣ ቄስ፣ ዳኛ፣ ሲከፋም ሬሳ ሆነው ተውነዋል። ዋናው ሰው ሆነው ግን አያውቁም። የለንደን ሥራ ሲነጥፍባቸው፣ የካናዳዋ ካልጋሪ በነዳጅ በሰከረችበት ዘመን እዚህ መጡ። የነዳጁ ባለጸጎችም አነጋገራቸውን ብቻ ሰምተው ያጨበጭቡላቸው ነበር። እሳቸው «ተመልካች ከብት ነው» ይሉ ነበር። ጭብጨባው ሲመጣ ግን እንደ ድመት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ደግነታቸውም ተመልካች ይፈልግ ነበር። አንድ የበረዶ ቀን በቲያትር ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ፊት ካፖርታቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። በማግስቱ ጠዋት ለብቻዬ ሲያገኙኝ «ካፖርቴ የታለ?» አሉኝ።

የልብሳቸውን ቁልፍ ስቆልፍላቸው ቃለ ተውኔታቸውን ያነበንባሉ፤ እኔም በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ሳላስበው ሸመደድኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዳኛ ሆነው ፍርድ ሊሰጡ ተነሡና አፋቸው ተያዘ። እኔ ያደግሁት ሽማግሌ በሰው ፊት ሲያፍር ቆሞ ማየት ነውር ነው በሚሉ ሰዎች ቤት ነው። ከመጋረጃው ጎን ሆኜ በሹክሹክታ ላስታውሳቸው ስል ድምፄ አመለጠኝና ፍርዱን እኔ ሰጠሁት። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ።

ከመድረክ እንደወረዱ ለሥራ አስኪያጁ ምን አሉት? «እኔ ቃል ረስቼ አላውቅም። ሆን ብዬ ዝም ባልኩበት ቦታ ይህች ሴት ትዕይንቴን ገደለችብኝ።» በሳምንቱ በልብስ ስፌት ክፍሉ ቋሚ ሠራተኛ ልሆን ነበር፤ ዕድሜዬን ሁሉ የተመኘሁት ሥራ ነው። በዚያው ቅዳሜ አሰናበቱኝ። ከዚያ ወዲህ ፋልከንሪጅ ሰፈር፣ ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ፣ የነዳጅ ሠራተኞችን ቱታ ዚፕ ስቀይር ኖርኩ። እሳቸው ግን ታሪኩን በየግብዣው እያወሩ ያስቁበት ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ።

ባለፈው ወር ሳራ ደውላ «ሁሉ ነገር ከአእምሯቸው ጠፍቶባቸዋል። ‹ያቺ ታለብሰኝ የነበረች ሴት ትምጣ፤ ቃሌ እሷ ጋ ነው› እያሉ ያለቅሳሉ» አለችኝ።

«በስሜ ይጥሩኝ፤ ያኔ እመጣለሁ በያቸው» አልኳት።

ሁለት ቀን አሰቡ አሉ። ሰባት ዓመት ያለበስኳቸውን ሴት ስሟን አያውቁትም፤ ረስተውት እንዳይመስላችሁ፣ ጠይቀውኝም አያውቁም። እኔም አልሄድኩም።

እንግዲህ ሚስተር ፕሊም፣ በሰላም ይሂዱ። ስሜ ዘነበች ነው። እግዚአብሔር ነፍስዎን ይማር፤ እኔ ግን ይቅር ለማለት ገና ነኝ።