ተኩሱና አሜኑ

በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን ቡራዩ አንድ ሰርግ ላይ ድምፅ እቀዳ ነበር። ዘፋኙ ማይኩን ሊውጠው ምንም አልቀረው። ተናድጄ ኮምፕሬሰሩን አጠበቅኩት፤ ሊሚተሩንም ዝቅ አደረግኩት። ኮምፕሬሰር የሚጮኸውን ይጫናል፤ ከዚያ ሁሉንም ከፍ ስታደርገው የሚያንሾካሹከውም ጎልቶ ይወጣል። ሊሚተር ደግሞ ጣሪያ ነው፤ ማንም አያልፈውም።

አንድ ሽማግሌ በዚያው ማይክ እየመረቁ ሳለ ከውጭ ተኩስ ተሰማ። ሰርገኛው ተበተነ።

በማግስቱ የሙሽራው አባት መጡ። «አከም ጂርታ» ብለው ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ፣ «ሰዉ ከደጃፍህ ነው የተተኮሰው እያለኝ ነው። እስቲ አሰማኝ፤ ከደጃፌ ነው ከአስፋልቱ?» አሉ።

ደጋግመን ሰማነው። ተኩሱ ከሕዝቡ «አሜን» ጋር እኩል ሆኗል። የመራቂው ትንፋሽ እንኳ ተኩሱን ያህላል። ማዞሪያዎቹን ሁሉ ባሽከረክር ምን ዋጋ አለው፤ የተቀዳው ከተጨፈለቀ በኋላ ነው!

«አባባ፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ ከዚህ ላይ አይታወቅም» አልኳቸው።

«ማሽኑን ተወው። እዚያው ነበርክ አይደል? አንተ በጆሮህ ምን ሰማህ?»

ቀኑን ሙሉ ሄድፎን አድርጌ ነበር። እኔም የሰማሁት ማሽኑ ያሳለፈልኝን ነው።