የፕላንፓሌው የጃፓን ሳህን

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥተን ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ስንኖር ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጄኔቭ መሄድ ጀመረች። ፕላንፓሌ አደባባይ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ጥንታዊ የጃፓን ፖርሴሊን የሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ሰው አለ፤ እሱን ታግዛለች። «ጋሼ እንዲህ አሉ፣ ጋሼ እንዲህ አሳዩኝ» ስትል እራታችን ያልቃል። ጃፓኖች ድሮ ለአውሮፓ ገበያ ብለው የሠሯቸውን ሳህኖች፣ የአበባቸውን ዓይነት ሳይቀር ትነግረኛለች። እኔ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ስለመሰለኝ አልከፋኝም።

አንድ ቅዳሜ አልትሽቴተን ሰፈር ከምሠራበት መጋዘን ፈቃድ አግኝቼ፣ ሳልነግራት ባቡር ተሳፈርኩ። ስደርስ ጋሼ የተባለው ሰው ለካ ቢበልጠኝ ጥቂት ዓመት ነው። ቁመናው ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ላይ የሐር ሻርፕ የጣለ። አንድ ሰፊ ሳህን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ያሳያታል።

«ሰማያዊው ቅጠል ቀድሞ ተሥሎ ነው እሳት የሚገባው» ይላታል። «ቀዩና ወርቁ ኋላ ከላይ ይመጣል። ለዚህ ነው ወርቁ በእጥበት የሚለቀው።»

ስታየኝ ደነገጠች። «ምነው፣ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ። ናፍቀሽኝ ነው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። «እንኳን ደኅና መጡ። እስቲ ይቺን ይያዙልኝ» ብሎ ሳህኑን ሰጠኝ። ብለቀው ምን ይል ይሆን የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አጥብቄ ያዝኩት።

ወዲያው አንዲት ፈረንጅ ስለ ሳህኑ ጠየቀች። ሰውየው መልሱን ለባለቤቴ ትቶ ወደ እሷ ተመለከተ። እሷም ትምህርት ቤት በተማረችው ፈረንሳይኛ ስለ አበቦቹ ታወራ ጀመር፤ እኔ በያዝኩት ሳህን ላይ ጣቷን ከአበባ አበባ እያስኬደች፣ ሳቅ እያለች። ዙሪክ፣ ሐኪም ቤትም ሆነ ቢሮ፣ በጀርመንኛ የምናገርላት እኔ ነኝ፤ እሷ ከጎኔ ዝም ትላለች። ከሰውየው ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ።

ባቡር ውስጥ «እንዲህ ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም» አልኳት።

«መቼ ፋታ ሰጠኸኝ?» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች።



በሳምንቱ አብሬያት ሄጄ ሳጥን አወረድኩ፣ ሳህን ጠቀለልኩ። ዙሪክ ቀጠሮ ሲኖራትም ከበር መቅረት ጀመርኩ፤ እየተንተባተበችም ቢሆን ጉዳይዋን ጨርሳ ትወጣለች። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ሰውየው «አንቺ ንገሪያቸው» ሲላት ፊቷ ይበራል፤ ያን ጊዜ፣ ምነው ይህን ቃል ቀድሜ እኔ ብያት በነበር እላለሁ።