ያጨበጨቡለት ቃል

ልብስ ሰፊዋ ክረምት በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ ሰቅላ፣ ቤቷ የገባውን ጎርፍ በባልዲ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ልብስ እየሰፋች ታናሽ ወንድሟን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለአስተርጓሚነት አብቅታዋለች። ሰፈሩ "እትዬ መቀስ" የሚላት ለሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል።

አንድ ቀን ከውጭ አገር የመጣ መሐንዲስ የሰፈሩን ሰው ሰብስቦ ተናገረ። ወንድሟ ከጎኑ ቆሞ "ቤቶቻችሁን ከፍ ያደርጓቸዋል" ብሎ ተረጎመ። ከጎርፍ ልንገላገል ነው ብላ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ነበረች።

ከሳምንታት በኋላ ዶዘር መጥቶ የጎረቤቷን አጥር ሲደረምስ፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትታ ወንድሟ ቤት ገሰገሰች።

"ከፍ ማድረግ ማለት ይሄ ነው?"

አንገቱን ደፋ። "እትዬ፣ ቃሉ አሳስቶኝ ነው። 'ሬዝ' አለ። እንግሊዝኛው ለሁለት ነገር አንድ ድምፅ ነው ያለው። አንዱ ማንሳት ነው፤ ሌላው አፍርሶ ከመሬት እኩል ማድረግ። ሁለተኛው ከላቲን የመጣ ነው፤ ጥንት መፋቅ፣ መላጨት ማለት ነበር። 'ሬዘር' የሚሉት የምላጭ ስማቸውም የወጣው ከዚያው ነው።"

"ሊላጩን ነው በለኛ! ይሄን መቼ አወቅክ?"

ዓይኑን ወደ በሩ አሸሸ።

"መቼ አወቅክ አልኩህ!"

"በማግስቱ። መሐንዲሱ 'ቤታቸው ሲፈርስ ምን እንዲህ ያስደስታቸዋል?' ብሎ ሲጠይቀኝ። አፈርኩ፣ እትዬ። ሥራዬንም ፈራሁ።"

ደሟ ፈላ። "መሳሳትህስ ይሁን፣ ሰው ነህ። ግን አውቀህ መጥተህ ቤቴ ምሳ በላህ! ከፍ ለሚለው ቤቴ መጋረጃ ልስፋ ስልህ ቀለም መረጥክልኝ!"

እጁን ይዛ እየጎተተች መሐንዲሱ ፊት አቆመችው። ሰፈሩም ግልብጥ ብሎ ተከተላት።

"በል አሁን ደህና አድርገህ ተርጉም። ያጨበጨብነው ለሌላ ቃል ነው በለው።"

ወንድሟም ቃል በቃል ተረጎመለት። መሐንዲሱ ክው አለ፣ ዶዘሩም ቆመ። የቆመው ግን ለዚያ ክረምት ብቻ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ተመልሶ መጣና ቤቷን ከነግድግዳው ጠረገው።

ዛሬ ከከተማው ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትሰፋለች። ወንድሟ ሲመጣ በር ትከፍትለታለች፣ ምግብ ታቀርብለታለች፤ ቀና ብላ ግን አታየውም። ደንበኞቿ "ኧረ ይቅር በይው፣ ለአንድ ቃል?" ሲሏት ፊቷ ይለዋወጣል።

"ለቃሉ ማን ተቆጣ?" ትላለች። ያን ጊዜ ደንበኛው ቶሎ ብሎ ወሬውን ወደ እጅጌው ልክ ይመልሳል።