ከቢቸና እስከ ሞጣ የተሸከምኩት ብረት

ከቤት የወጣሁት እህቴ ሳትነቃ ነው። ብትነቃ እንደማታስወጣኝ አውቃለሁ። የጎጃም መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ሌላ ሰሞን ይዘጋል። ከመሄዴ በፊት በነበሩት ቀናት ሁሉ «ለአሮጌ ካውያ ብለሽ ልትሞቺ ነው?» እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር የሰነበተችው። እንጀራዬ አሮጌ የቤት ዕቃ መግዛትና መሸጥ ነው። የከሰል ካውያ፣ ፋኖስ፣ አበባ የተሳለበት ቴርሞስ፣ የቆዳ ልብስ ያለው ሬዲዮ እሰበስባለሁ። ግማሹን እሸጠዋለሁ። ግማሹን ደግሞ መሸጥ አቅቶኝ ሳሎኔ ውስጥ ደርድሬዋለሁ። በቅርቡ ቢቸና ተወልዳ ያደገች ጎረቤቴ «እኛ አገር ዕቃ አይጣልም፤ አክስቴ ቤት ብትገቢ አብደሽ ትወጫለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። መንገዱ ተከፍቷል ሲባል ተነሣሁ።

ዓባይ በረሃ

ከአዲስ አበባ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ ሙዚቃ አልነበረም። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሁሉ በመብራት እያስቆመ «ሰላም ነው?» እያለ ይጠይቃል። «እስካሁን ሰላም ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንለቃለን፤ ወዲያው ደግሞ እንሰበስበዋለን። ጠመዝማዛውን ወርደን ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ወርደን ተፈተሽን። ሙቀቱ ፊት ላይ ይጋረፋል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ደጀን እስክንገባ ድረስ አላቋረጡም። ደጀን ላይ ሽሮ አዘዝን፤ እኔ ግን ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወረደልኝም። ከዚያ ወደ ቢቸና የሚሄደውን ሚኒባስ ያዝኩ። ሜዳው ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ሰላማዊ የሚመስል አገር ውስጥ ለምን እንደምፈራ ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ፤ ፍርሃቱ ግን አልተወኝም።

ቢቸና

የጎረቤቴ አክስት እማማ የሺ ይባላሉ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ የባሕር ዛፍ አጥር ያለው ነው። ባለቤታቸው ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። እማማ የሺ የእህታቸውን ልጅ ሰላምታ ስነግራቸው አገላብጠው ሳሙኝና ያላቸውን ሁሉ አወጡልኝ። መዝጊያዋ ላይ ትንሽ ዶሮ የተቀረጸባት የከሰል ካውያ አለች። አንድ ጆሮው የወለቀ የቆርቆሮ ፋኖስ አለ። የካውያዋን ዶሮ ስከፍታት ውስጧ የድሮ አመድ ነበር። እውነቱን ለመናገር እዚያች ላይ ፍርሃቴን ረሳሁ።

ወጥ ቤት ስገባ ነው ብረቱን ያየሁት። እማማ የሺ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጡበት ነበር። ከጠርሙስ ያጠረ ነው፣ አንዱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ በጥላሸት የጠቆረ። ተቀብዬ ስይዘው እንደ ወፍጮ መጅ ከበደኝ።

«ይኼ ምንድን ነው እማማ?»

«እኔስ መቼ አውቄው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ማሳ ሲታረስ የወጣ ነው ብሎ አመጣው። መንታ ናቸው፤ ያኛው በር ይደግፍልኛል።»

እንዲህ ያለ ዘነዘና አይቼ አላውቅም። ያላየሁትን ነገር ሳይ ደግሞ ራሴን አልገዛም። ለካውያዋ ከሰጠሁት የሚበልጥ ዋጋ ጠራሁላቸው።

«ለዚህ?» አሉ እማማ የሺ ሽንኩርታቸውን ትተው።

«ለዚህ። መንታውንም ቢሰጡኝ እወስዳለሁ።»

«ሁለቱንም ወስደሽ እኔ በምን ልወቅጥ?» ብለው ሳቁ። ግን ከዚያ በኋላ በሩን ወደ ደገፈው ብረት ደጋግመው ሲያዩ አስተዋልኩ። እንደ አዲስ እንግዳ ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ወደ ሞጣ

ሞጣም ዕቃ ላፈላልግ አስቤ ነበር፤ በማግስቱ ወደዚያ የሚሄድ ሚኒባስ ተገኘ። ካውያዋንና ፋኖሱን ጣሪያ ላይ ጫኑልኝ። ብረቱን ግን እንዳይጠፋብኝ በነጠላ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በእግሬ መሃል አስቀመጥኩት። ደብረ ወርቅን አልፈን መንገዱ ሲበላሽ፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ብረቱ ከወለሉ ጋር ይጋጫል። ድው ይላል። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «እህቴ፣ ወፍጮ ነው የጫንሽው?» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጉንደ ወይን ስንደርስ ሳቁ ቆመ። ከፊት ተኩስ ተሰምቷል ተባለ። ሱቆቹ ግማሽ በራቸውን ዘግተው ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን ቢሞክር ኔትወርክ የለም። ማንም ሳያዘን መጋረጃዎቹን ሳብን። አንዲት ሴት የሚያለቅስ ልጇን አፍ በመዳፏ ይዛ «እሽሽ» ትለዋለች። ከሩቅ የሚሰማን ድምፅ ሁሉ ጥይት ይመስለን ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ቦርሳዬን አቀፍኩት። አሁን ሳስበው፣ ከውጭ ያለውን ሸሽቼ የተጠለልኩት እዚያ ብረት ላይ ነበር።

በመጨረሻ እለፉ ተባልን። ሞጣ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ እጁን ቦርሳዬ ውስጥ ከቶ ብረቱን ዳበሰው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘነዘና።»

ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ። የሽንኩርት ሽታ አፍንጫውን ሲሰነፍጠው ፊቱን አጨማዶ መለሰልኝ።

ሞጣ

አልጋ የያዝኩበት ቤት ሰፊ ግቢ አለው። የገዛሁትን ዕቃ ማጽዳት ከሁሉ የምወደው ሥራ ነው። ሎሚ፣ አመድና የብረት ሽቦ ለምኜ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ብረቱን በጉልበቴ መሃል አድርጌ መፈተግ ጀመርኩ። ጥላሸቱ ሲለቅ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት ወጣ። ቀለበቱ ላይ የተሰመሩ ጭረቶች አሉ። ደስ አለኝና ይበልጥ ፈተግኩት።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ሙላት ይባላሉ፤ በጡረታ የተገለሉ ወታደር ናቸው። ውሃ ሊቀዱ ሲያልፉ ቆሙ። ባልዲው ከእጃቸው ወደቀ።

«እህቴ፣ እጅሽን አንሺ» አሉ ቀስ ብለው። «መወርወር የለም። መሬት ላይ አስተኚው። ቀስ። አሁን ተነሺና ወደ እኔ ነይ።»

«ምን ሆነ ጋሽ ሙላት?»

«ነይ አልኩሽ!»

አጥሩ ጥግ ከደረስን በኋላ ነው የነገሩኝ። የመድፍ ጥይት ነው። ቀለበቱ ላይ ያለው ጭረት ደግሞ መተኮሱን ያሳያል። ተተኩሶ ያልፈነዳ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ጉድጓድ፣ ያንን ሁሉ ድው ድው፣ ሽቦውን፣ ጉልበቴን አሰብኩና እዚያው ተቀመጥኩ። ወዲያው ሌላው ሐሳብ መጣ። መንታው! እማማ የሺ አሁን በዚህ ሰዓት ሽንኩርት እየወቀጡ ይሆናል።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት እንግዶቹን በጓሮ በር አስወጣና ወደ እኛ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ለፖሊስ ከተናገርን ከየት አመጣችሁት ይሉናል። በዚህ ጊዜ ማን ያምነናል? ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንክተተውና ዝም እንበል» አለ። እውነት ለመናገር እኔም የፈለግሁት ያንኑ ነበር። ኬላው ላይ ዘነዘና ብዬ ማለፌ ትዝ እያለኝ፣ ማን ደግሞ አላወቅሁም ስል ይሰማኛል ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ሙላት ግን «ነገ ጉድጓዱን የሚጠርገው ሰው ልጆች አሉት» ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ተከትያቸው ሄድኩ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ መኮንን ለብቻዬ ጠየቀኝ። ከየት ገዛሽ፣ ለማን ልትሸጪ ነው፣ ማን ላከሽ? መልሴ ለራሴም ውሸት ይመስለኝ ነበር። ካውያዋን አምጥተው ሲፈትሹ ዶሮዋን ከፈተና አየት አደረጋት። «ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወደ ቢቸና እንዲደውሉልኝ ለመንኩ። ሞከሩ፤ መስመሩ አይሠራም። መንገዱም በዚያን ቀን እንደገና ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያዎች ብረቱን ከከተማው አውጥተው ወሰዱት። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ መስኮቱ ተንቀጫቀጨ። ከቀረበልኝ ሻይ ግማሹ እጄ ላይ ፈሰሰ። ጋሽ ሙላት ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡት። መኮንኑ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

መልስ ጉዞ

መንገዱ ሲከፈት ጤፍ የጫነ አይሱዙ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ሰጠኝ። ጋሽ ሙላት መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው እንደ ልጅ አስጠኑኝ፤ «አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ እሳት አይጠጋው፣ ሰው ይራቅ፣ ፖሊስ ይጠራ።» እየደጋገምኩት ሄድኩ። ጉንደ ወይንን ስናልፍ ተኩስ አለ የለም ማለት እንኳ ትዝ አላለኝም።

እማማ የሺ በር ላይ ደረስኩ። በሩን የደገፈው ድንጋይ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥም የለም።

«እማማ፣ መንታው የት አለ?»

«ውይ ልጄ፣ በደህና ተመለስሽ? ዋጋ እንዳለው ካወቅሁማ ዝም ብዬ በር ላስደግፍበት? አንጥረኛው ጋ ላክሁት። እሳት አሳይቶ ዝገቱን ካራገፈልኝ ይበልጥ ትከፍይኛለሽ ብዬ።»

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ሮጥኩ። እሳቸውም ነጠላቸውን እየጎተቱ «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?» እያሉ ተከተሉኝ። የአንጥረኛው ቤት ከገበያው ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጭስ እፈልግ ነበር። ጣሪያው ላይ ጭስ ካለ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ልግባ ወይስ መሬት ላይ ልተኛ? ስደርስ አንጥረኛው ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«እሳቱስ?» አልኩት።

«የምን እሳት? ዛሬ እኮ ጊዮርጊስ ነው፤ መች ይሠራል? የእማማ የሺን ብረት ብለሽ እንደሆነ ነገ በጠዋት ነው የማስገባው።»

በእጁ ጠቆመኝ። ብረቱ ከወናፉ አፍ ፊት፣ ቀዝቃዛው አመድ ላይ ተጋድሟል። ከሰሉም አጠገቡ ተዘጋጅቶ ተቆልሏል።

ሁሉንም አስወጣሁ። ጮኼ፣ ለምኜ፣ አንዷን ሴት በእጇ ጎትቼ። ፖሊሶች መጡ፤ የሞጣውን ስነግራቸው ባለሙያ ተጠራ። እስኪመጣ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ዋለ። እማማ የሺ አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባቸው እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ያ ሁሉ ዘመን የወቀጡበትን እጅ።

«እኔ እንኳ የሚፈነዳ ሲሉኝ የማውቀው አበባ ብቻ ነበር» አሉ። የመሪጌታ ሚስት ናቸውና ቃል አያልቅባቸውም። ቆይተው ደግሞ እንዲህ አሉኝ፤ «ባትመጪ ኖሮ ሽንኩርቴን እየወቀጥሁ እኖር ነበር። መጥተሽ ባትመለሺ ደግሞ ይህ ምስኪን ከነልጆቹ ያልቅ ነበር። እንግዲህ ልመርቅሽ ወይስ ልቆጣሽ?»

በመጨረሻ ባለሙያው መጥቶ ብረቱን ሲወስደው መረቁኝ።

ቤት

እህቴ በሩን ከፍታ አየችኝና አልተቆጣችም፤ ያ የበለጠ አስፈራኝ፤ ምን መስዬ ነው የተመለስኩት? ካውያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። እስከ ዛሬ አላጸዳኋትም።

ሥራዬን አልተውኩም። ግን ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተምሬ ተመልሻለሁ። እስከዚያ ድረስ ዋጋ መጥራት ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ ሰውየው ይስቃል፣ እኔ እጨምራለሁ፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ዋጋ ስጠራ ግን ሰው ቤት ውስጥ ተኝቶ የኖረን ነገር እቀሰቅሳለሁ። እኔ ከሄድኩ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አላይም። አሁን ምን እንደሆነ የማላውቀውን ዕቃ አልነካም፤ ዋጋም አልጠራለትም።

ኔትወርክ ሲመለስ እማማ የሺ በእህታቸው ልጅ፣ በጎረቤቴ ስልክ አገኙኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያለውን ብረት ሲፈትሽ መሰንበቱን ነገሩኝ። አንዲት ጎረቤታቸው ንፋስ ጣሪያዋን እንዳያነሣባት ቆርቆሮው ላይ ጭናው የኖረችውን ተመሳሳይ ብረት ፖሊስ መጥቶ በጥንቃቄ አውርዶላታል። ከሥሩ አራት ልጆች ያድሩ ነበር።

«ሌላስ አለ እማማ?» አልኳቸው።

«ምድሩ ነው የሚያውቀው፣ ልጄ» አሉኝ።