የሻምበሉ ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሁለት ልጆች ደጄ ላይ ቆመው፣ የሰፈሩ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ የት ቢቆፈር እንደሚሻል ጠየቁኝ። "እማማ፣ የዚህን መሬት ጠባይ እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም ተባልን" አለኝ አንደኛው። ውሃ የማያሰርገውን ዋልካ መሬት አሳየኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ምሳዬን ሳልቀምስ አነሳሁት። ይህ ጥያቄ እዚህ መንደር ሲጠየቅ ስሰማ ሁለተኛዬ ነው።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ሲሰፍር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያውም የልጅ እናት። ጦሩ የሰፈረው ከመስኖ ቦያችን በላይ ነው። ለራሱ ግቢው ውስጥ ከቆፈረው ጉድጓድ እየጠጣ፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ በቦያችን ለቀቀብን። ከዚያ ቦይ ክርስቲያኑም እስላሙም እንጠጣለን። በእኛ ሥርዓት ከብት እንኳ ከሰው መቅጃ በላይ ውሃ አይነካም። የልብስ እጣቢ ሳይቀር ዋልካ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ረግቶ፣ በደንገል ሣር መሀል ተጣርቶ ነበር ወደ ማሳ የሚወርደው። ይህን የሚያስከብሩት ውሃውን በተራ የሚያካፍሉን የውሃ አባታችን ሸህ ኑሩ ነበሩ። ሲሾሙ የማንንም ውሃ ላያቆሽሹ ምለዋል።

ሸህ ኑሩ ሄደው የጣሊያኖቹን አዛዥ ሻምበሉን ቢለምኑት አስገረፋቸው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጄን አስካለን ተቅማጥ ያዛት። ዘንድሮ እሸት አቀምሳታለሁ ስል በሦስተኛው ቀን ቀበርኳት።

ኋላ ግማቱ ለራሱ ለሻምበሉም ተረፈና፣ ለፍሳሹ ጉድጓድ ይቆፈር አለ። ቦታ እንዲመርጡ የታዘዙት ሸህ ኑሩ ነበሩ። ይህን ስሰማ ቤታቸው ሄድኩ።

"ሸህ፣ ጠጠሩ ላይ ይበሉት" አልኳቸው።

ከሽንት ቤቱ ሥር ያለው መሬት ጠጠር ነው። እዚያ የፈሰሰ ውሃ ሰርጎ ጣሊያኖቹ ወደሚጠጡበት ጉድጓድ እንደሚገባ አገሬው ሁሉ ያውቃል።

"ወላሂ ልጄ፣ መሐላ አለብኝ።"

"ለአስካለስ አልማሉም ነበር?"

በማግስቱ ሄደው ከዘራቸውን ጠጠሩ ላይ ተከሉ። "ለመቆፈር ይቀላል" ሲሉት ሻምበሉ ደስ አለው። እኔም ያንን ሐሩር ሳልል ከሴቶቹ ጋር አፈር አጋዝኩ። እንደዚያ ቀን ሸክም ቀሎኝ አያውቅም።

ወር ሳይሞላ ጦር ሰፈሩ በተቅማጥ ታመሰ። ሻምበሉን በካሚዮን ጭነው ሲወስዱት፣ እንዲያየኝ ብዬ መንገድ ዳር ቆምኩ። ጣርማ በር ሳይደርስ መሞቱን የሰማሁ ዕለት፣ ከልጄ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

ነገር ግን ከዚያው ከጣሊያኖቹ መጠጫ ጉድጓድ የጠጣ አንድ የአገራችን ሰው፣ የበቅሎ ጠባቂያቸው፣ አብሮ ሞተ። ሸህ ኑሩ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹን ጠርተው፣ "ውሃ አቆሽሻለሁ፣ ከእንግዲህ ውሃ አላካፍላችሁም" አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ቦዩ አጠገብ አልደረሱም።

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ጾም ሲገባ ይጠይቁኛል። ስለ በቅሎ ጠባቂው ስንቱን ሰግጃለሁ። ሸህ ኑሩን መሐላቸውን ያስፈረስኳቸው እኔ ነኝና ለእሳቸውም አለቅሳለሁ። "ስለ ሻምበሉስ ተጸጸትሽ?" ሲሉኝ ግን አዎ አልላቸውም። ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን በልጄ ውሸት አይሆንልኝም፤ ይኸው ሳልቆርብ አረጀሁ።